ፓፒረስ አይከን ከጫንኩ በኋላ ፎልደሮቹ ሁሉ ነጭ ወረቀት ሆኑብኝ (ሚንት 22 ሲናሞን)

የአዘዞ_ልጅ
ጥር 3፣ ከምሽቱ 2:15

ሰላም ጎንደሮች፣ ሌሎቻችሁም። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ፒያሳ አጎቴ ፎቶ ቤት ነው የምሰራው፣ እዛ ያለችው ላፕቶፕ ያረጀች ናት፣ ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 2018 ዓ.ም ድጋፉ ሲቆም ወደ 11 ላሳድጋት ብል ማሽኗ አይችልም አለኝ፣ ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ የሚማር ጓደኛዬ ሊኑክስ ሚንት 22 ጫነልኝ፣ ሲናሞን የሚባለው ዴስክቶፕ ያለውን። እውነት ለመናገር ፈጥናለች፣ ፕሪንተሩንም ምንም ሳልጭን አወቀችው፣ እስከዚህ ድረስ አጎቴም ምንም አላለም።

ችግሩ የመጣው ላሳምራት ስል ነው። አምና ለጥምቀት ሌሊት ፋሲል መዋኛ ያነሳሁት ፎቶ አለኝ፣ ሻማው ውሃው ላይ ሲያበራ፣ እሱን ባክግራውንድ አደረግኩት በጣም ያምራል ግን ፎልደሮቹ አልሄዱለትም፣ ጠቆር ያለ ቲም (የመስኮቱንና የሜኑውን መልክ የሚቀይረው) እና ፓፒረስ ዳርክ የሚባለው አይከን ይሻለዋል አልኩ። አይከኑን ጓደኛዬ ከራሱ ማሽን በፍላሽ ኮፒ አድርጎ ሰጠኝ፣ ቲሙን ደግሞ ራሴ ጊትሃብ ከሚባለው የኮድ ድረገጽ አወረድኩ።

አሁን ፎልደር የተባለ ሁሉ ነጭ ወረቀት ሆኗል። ዶክመንት፣ ፒክቸር፣ ፍላሹ ራሱ፣ ሁሉም አንድ አይነት። ግን የሚገርመው ጂምፕ (ፎቶ ማስተካከያው) እና ፋየርፎክስ ደህና ናቸው። ከጊትሃብ ያወረድኩት ቲም ደግሞ ጭራሽ ሊስቱ ውስጥ አይታይም። አጎቴ ጠዋት ገብቶ አየና «ቫይረስ ገባበት» አለ፣ ቫይረስ አይደለም አይከን ነው ብለው አይሰማም፣ እስከ ከተራ ካልተስተካከለ ዊንዶውሱን መልሳት ብሎኛል። የጥምቀት ሰሞን ፎቶ ቤት ውስጥ መቆሚያ እንደማይኖር ታውቃላችሁ። በማርያም እርዱኝ።

ሳሙና_በር
ጥር 3፣ ከምሽቱ 2:31

ሪስታርት አድርገሃታል?

የአዘዞ_ልጅ
ጥር 3፣ ከምሽቱ 2:33

አራት ጊዜ

ጃንተከል_09
ጥር 3፣ ከምሽቱ 2:50

የአይከን ካሽ ነው የሚመስለኝ። አይከን በብዛት ስትጭን ሲስተሙ የድሮውን ዝርዝር ይዞ ይቀራል፣ ጂቲኬ አፕዴት አይከን ካሽ የሚባል ትእዛዝ አለ እሱን በአይከኑ ፎልደር ላይ አስኪደው። ወይ ደግሞ ፎልደሩ ውስጥ አይከን ነጥብ ቲም ነጥብ ካሽ የሚል ፋይል ካለ ዝም ብለህ አጥፋው፣ ምንም አይጎዳህም።

እቴጌ_ተርሚናል
ጥር 3፣ ከምሽቱ 3:12

ካሹ ሊሆን ይችላል ግን አይመስለኝም። ካሽ ቢሆን ጂምፑም ይበላሽ ነበር።

አዘዞ፣ ሦስት ነገር ንገረኝ። አንደኛ አይከኑን የት ነው ያስቀመጥከው? ሆም ውስጥ ነጥብ አይከንስ የሚባል ድብቅ ፎልደር መኖር አለበት፣ ኮንትሮል ኤች ስትጫን ይታይሃል፣ ከሌለ ራስህ ትፈጥረዋለህ፣ ፊቱ ላይ ነጥቧን አትርሳ። ሁለተኛ እዛ ውስጥ ያለው ፎልደር ስትከፍተው ወዲያው ኢንዴክስ ነጥብ ቲም የሚል ፋይል ታያለህ ወይስ ሌላ ፎልደር ውስጥ ገብተህ ነው የምታገኘው? ሦስተኛ ፓፒረስ ዳርክ ብቻውን ነው የመጣልህ ወይስ ፓፒረስ የሚለውም አብሮ አለ?

የአዘዞ_ልጅ
ጥር 3፣ ከምሽቱ 3:40

እሽ። ነጥብ አይከንስ ውስጥ ነው ያስቀመጥኩት። ኢንዴክሱ ወዲያው ይታያል። ሁለቱም አሉ፣ ፓፒረስም ፓፒረስ ዳርክም፣ ጓደኛዬ ሁለቱንም ነው የሰጠኝ። ካሹን አጠፋሁት ምንም ለውጥ የለም ወንድም ጃንተከል።

እቴጌ_ተርሚናል
ጥር 3፣ ከምሽቱ 3:58

ጥሩ፣ ቦታው ልክ ነው ማለት ነው። አሁን ተርሚናል ክፈትና ይቺን ጻፍ፣ ከስልክ ስለሆነ የምጽፈው እና ኪቦርዴ አማርኛ ብቻ ስለሆነ እንደሚነበበው ነው የማስቀምጥልህ አንተ በእንግሊዝኛው ጻፈው። ፋይንድ፣ ክፍት ቦታ፣ ቲልዳ ስላሽ ነጥብ አይከንስ፣ ክፍት ቦታ፣ ሰረዝ ታይፕ፣ ክፍት ቦታ፣ ትንሿ ኤል። ከዛ ቆሚዋን መስመር አድርግና ደብልዩ ሲ ሰረዝ ኤል። ቁጥር ይሰጥሃል። ቁጥሩን ላክልኝ።

የአዘዞ_ልጅ
ጥር 3፣ ከምሽቱ 4:05

0

ዜሮ ብቻ ነው የሚለው። ጥሩ ነው መጥፎ?

እቴጌ_ተርሚናል
ጥር 3፣ ከምሽቱ 4:06

ጓደኛህ በፍላሽ ሲሰጥህ ፎልደሩን ነው ወይስ ዚፕ ነገር? ኮፒ ሲደረግስ ምንም አልጠየቃችሁም?

የአዘዞ_ልጅ
ጥር 3፣ ከምሽቱ 4:11

ፎልደሩን ነው። በጣም ቆየ እንጂ፣ ቡናችንን ጠጥተን ጨርሰን እንኳ አላለቀም ነበር። አዎ የሆነ ነገር ጠይቆ ነበር፣ ሲምቦሊክ ሊንክ ምናምን አይቻልም የሚል፣ ደጋግሞ ሲመጣብን ስኪፕ ኦል አልነው 😬

ሳሙና_በር
ጥር 3፣ ከምሽቱ 4:12

😂😂😂 ስኪፕ ኦል

እቴጌ_ተርሚናል
ጥር 3፣ ከምሽቱ 4:35

በቃ ተገኘ። አትሳቁበት ሁላችንም አንድ ቀን ስኪፕ ኦል ብለናል።

ምን መሰለህ፣ የአይከን ቲም ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ስዕል አይደለም። አንድ ስዕል ብዙ ስም ይኖረዋል፣ አንዱ ፕሮግራም በዚህ ስም ይፈልገዋል ሌላው በዚያ፣ ለእያንዳንዱ ስም ስዕሉን ደግሞ ደጋግሞ ከማስቀመጥ ይልቅ አንዱ እውነተኛ ፋይል ይሆንና ሌሎቹ ወደ እሱ የሚጠቁሙ ሲምሊንክ ይሆናሉ፣ ያ ሲምቦሊክ ሊንክ ያላችሁ ማለት ነው። ልክ ሰፈር ውስጥ አንድ ሰው የክርስትና ስም፣ የቤት ስም፣ የመታወቂያ ስም እንዳለው ነው፣ ሰውየው ግን አንድ ነው። ፓፒረስ ላይ ደግሞ ፎልደር የሚለው ፋይል ራሱ ሲምሊንክ ነው፣ እውነተኛው ስዕል ፎልደር ሰረዝ ብሉ የሚለው ነው። ፓፒረስ ዳርክማ አብዛኛው ነገሩ ወደ ፓፒረስ የሚጠቁም ነው፣ ለዛ ነው ሁለቱም አሉ ወይ ያልኩህ።

ፍላሽህ ደግሞ እንደብዙው ፍላሽ ፎርማቱ ፋት 32 ወይ ኤክስፋት ነው። እነዚህ ሲምሊንክ የሚባል ነገር አያውቁም። ስለዚህ ኮፒ ስታደርጉ እውነተኛዎቹ ስዕሎች ተሻገሩ፣ ጠቋሚዎቹ ሁሉ እዛው ቀሩ። የሰጠሁህ ትእዛዝ የሲምሊንክ ቁጥር ነው የሚቆጥረው፣ በደህና ፓፒረስ ላይ በብዙ ሺ መሆን ነበረበት፣ አንተ ጋ ዜሮ ሆነ።

ጂምፕና ፋየርፎክስ ለምን ደህና ሆኑ ካልክ፣ ወይ ስዕላቸው እውነተኛ ፋይል ሆኖ ተሻግሯል፣ ወይ ደግሞ ሲስተሙ መጀመሪያ የመረጥከው ቲም ውስጥ ይፈልጋል፣ ካጣ ኢንዴክሱ ላይ ኢንኸሪትስ የሚለው መስመር ወደጠቀሳቸው ይሄዳል፣ መጨረሻ ላይ ሃይከለር የሚባለው መጠባበቂያ ጋ ይደርሳል። አፕሊኬሽኖች ሲጫኑ የራሳቸውን አይከን እዛ ያስቀምጣሉ። ፎልደር ግን የማንም አፕሊኬሽን አይደለም፣ የሚያስቀምጥለት የለም።

ነጥብ አይከንስ ውስጥ ያሉትን ሁለቱን ፎልደሮች ሙሉ በሙሉ አጥፋ። ከላዩ ላይ ደርበህ አትገልብጥ። ከዛ ዳታ ካለህ ሱዶ አፕት ኢንስቶል ብለህ ፓፒረስ ሰረዝ አይከን ሰረዝ ቲም በል (ሱዶ በአስተዳዳሪ ሥልጣን አስኪድ ማለት ነው፣ አፕት ጫኚው ነው)፣ ሶፍትዌር ማኔጀር ውስጥም አለ። ይሄኛው የሚቀመጠው ዩዘር ሼር አይከንስ ውስጥ ነው፣ ሊንኮቹን ራሱ ያስተካክላል።

ፒያሳ_ጠጋኝ
ጥር 4፣ ከጠዋቱ 1:20

እቴጌ ልክ ነሽ ግን ይሄ ነገር እኔን ሁለት ቀን ሙሉ ስላሰቃየኝ የኔንም ልጨምር። እኔ ላፕቶፕ ጥገና ነው የምሰራው፣ ሰው ዊንዶውስ ይዞ ይመጣል ሊኑክስ ጭኜ እሰጣለሁ፣ ሱቁ ውስጥ ዋይፋይ አለ ብዬ አልዋሽም በዳታ ነው የምሰራው ስለዚህ አንዴ ያወረድኩትን ለሁሉም ነው የማዳርሰው። አንድ ጊዜ ከጊትሃብ በዚፕ የወረደ አይከን ዊንዶውስ ማሽን ላይ ከፈትኩት፣ ኤክስትራክት አልኩ፣ ምንም ስህተት አላለም፣ አንድም ቃል፣ እሱን ወስጄ የደንበኛው ሚንት ላይ ባደርገው ግማሹ ወረቀት። ፋይሎቹ አሉ! ፎልደር ነጥብ ኤስቪጂ አለ፣ ስሙም ልክ ነው። ቲሙ ተበላሽቷል ብዬ እንደገና አወረድኩ ዳታዬን በላ፣ አሁንም ያው። በሁለተኛው ቀን ተናድጄ ያንን ኤስቪጂ በቴክስት ኤዲተር ከፈትኩት፣ ስዕል ቢሆን ኮድ መሆን ነበረበት፣ ውስጡ ያለው አንድ መስመር ብቻ፣ የሌላ ፋይል ስም። ዊንዶውሱ ሲምሊንኩን ወደ ተራ ጽሑፍ ቀይሮት ነው ለካ፣ አድራሻውን ጽፎ ተወው። እሱን ካየሁ በኋላ ነው የገባኝ።

ስለዚህ አዘዞ፣ ዳታ ከሌለህና ከጓደኛህ በፍላሽ መውሰድ ካለብህ ጓደኛህ የራሱ ማሽን ላይ እያለ ሁለቱን ፎልደር አንድ ላይ ይምረጥ፣ ራይት ክሊክ፣ ኮምፕረስ፣ ከዛ ታር ነጥብ ጂዚ የሚለውን ይምረጥ። ያ አንድ ፋይል ነው የሚሆነው፣ ሊንኮቹ በውስጡ ታሽገው ይጓዛሉ፣ ፍላሹ ፋት ቢሆን ምን ቢሆን አያገባውም። አንተ ጋ ሲደርስ መጀመሪያ ወደ ሆም ገልብጠው፣ *ከዛ* እዛው ፍታው። ፍላሹ ላይ እንዳለህ አትፍታው፣ ከፈታኸው እንደገና ያው ነው የሚሆንብህ። እቃ ስትልክ በከረጢት አስረህ ነው እንጂ ጤፉን በእጅህ ዘግነህ አትልክም።

ሌላው ጥቅሙ ፍጥነቱ ነው። ቡና ጠጥተን ጨርሰን አላለቀም ያልከው ብዙ ሺ ትናንሽ ፋይል አንድ በአንድ ስለሆነ ነው፣ ታር ሲሆን ስኒ ሳታነሳ ያልቃል።

የአዘዞ_ልጅ
ጥር 4፣ ከቀኑ 7:45

ጋሽ ጠጋኝ እግዜር ይስጥልኝ፣ እቴጌ አንችንም ማርያም ትባርክሽ። ጓደኛዬ ጋ ሄጄ በታር አመጣሁት፣ ሆም ላይ ፈታሁት፣ ያንን ቁጥር የሚቆጥረውን ትእዛዝ እንደገና አስኬድኩት አሁን ብዙ ሺ ነው የሚለው። ፎልደሮቹ ሰማያዊ ሆነው መጡ!!! አጎቴ «ቫይረሱን አጠፋኸው?» አለኝ። አዎ አልኩት ምን ላድርግ።

አሁን የቀረኝ ቲሙ ነው። ከጊትሃብ ያወረድኩትን ዚፕ እዚሁ ሚንቱ ላይ ነው የፈታሁት፣ ነጥብ ቲምስ ውስጥ አስገባሁት፣ ሊስቱ ውስጥ ግን የለም።

ማራኪ_ግቢ
ጥር 4፣ ከቀኑ 8:10

ፎልደሩ መጨረሻው ላይ ሰረዝ ማስተር ወይ ሰረዝ ሜይን ይላል? ውስጡስ ኤስአርሲ የሚል ፎልደርና ኢንስቶል ነጥብ ኤስኤች የሚል ፋይል አለ?

የአዘዞ_ልጅ
ጥር 4፣ ከቀኑ 8:14

አዎ ሁሉም አለ። እንዴት አወቅክ?

ማራኪ_ግቢ
ጥር 4፣ ከቀኑ 8:40

ሁሉም ሰው እዚህ ጋ ነው የሚወድቀው። ያወረድከው ያልበሰለው ነው፣ ሊጥ በለው። ሲስተሙ ቲም ነው ብሎ የሚያውቀው ፎልደሩን ስትከፍት ወዲያው ጂቲኬ 3 ነጥብ 0፣ ሲናሞን፣ አንዳንዴ ጂኖም ሼል፣ ኤክስኤፍደብልዩኤም 4 የሚሉ ፎልደሮችን ሲያገኝ ነው። ሲናሞን የሚለው ፎልደር ለፓኔሉና ለሜኑው ነው፣ ጂቲኬ የሚሉት ለአፕሊኬሽኑ ውስጥ። ጊትሃብ ላይ ያለው ግን ብዙ ጊዜ በሳስ የተጻፈው ምንጩ ነው፣ ወደ ሲኤስኤስ መቀየር አለበት፣ ያንን የሚያደርገው ኢንስቶል ነጥብ ኤስኤች ነው። ለዛ ደግሞ ሳስሲ የሚባል ፓኬጅ ያስፈልገዋል በአፕት ይጫናል።

ሁለት ምርጫ አለህ። ወይ ሪሊዝ የሚለው ገጽ ላይ ተዘጋጅቶ ያለቀ ታር ካለ እሱን አውርድ፣ ካለ እሱ ይቀላል። ወይ ስክሪፕቱን አስኪደው። በሱዶ ግን አታስኪደው፣ ያለ ሱዶ ካስኬድከው ሆምህ ውስጥ ነው የሚጭነው፣ ለአንተ ይበቃል።

ሦስተኛም አለ እንደውም፣ ሲስተም ሴቲንግስ ውስጥ ቲምስ ስትገባ አድ ሪሙቭ የሚል አለ፣ እዛ ያሉት ለሲናሞን የተዘጋጁ ናቸው ተጭነህ ብቻ ይወርዳሉ። ግን እዛ ያሉት ግማሾቹ ፓኔሉን ብቻ ነው የሚቀይሩት፣ ከዛ «ቲሙ ግማሽ ሆነ» ብላችሁ እንዳትመጡብኝ።

ጃንተከል_09
ጥር 4፣ ከቀኑ 9:02

ስክሪፕት አስኪድ ከማለታችሁ በፊት ግን ከፍቶ ያንብበው። ቲም ቀለም ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ልክ አይደለም። በ2024 እኤአ መጋቢት ላይ ኬዲኢ ፕላዝማ የሚባለው ሌላ ዴስክቶፕ ላይ አንድ ሰው ከራሱ ከፕላዝማው ስቶር ግሎባል ቲም ጫነ፣ ቲሙ ውስጥ የነበረ ስክሪፕት የሰውየውን ፋይሎች ጠራርጎ አጠፋበት፣ ኬዲኢዎች ራሳቸው ወጥተው ተጠንቀቁ ብለው ነበር። በክፋት የተጻፈም አልነበረም ይባላል፣ የኮድ ስህተት ነው። አርኤም ሰረዝ አርኤፍ (ሳይጠይቅ አጥፋ የሚለው ትእዛዝ) ብሎ ቦታውን ሳያረጋግጥ። ፎቶ ቤት ላይ ያ ቢደርስ የሰው ሰርግ ነው የሚጠፋው።

አይከንና የጂቲኬ ቲም ራሱ ስዕልና ሲኤስኤስ ነው፣ እሱ አያሰጋም። የሚያሰጋው ጫኚው ስክሪፕት ነው።

የአዘዞ_ልጅ
ጥር 4፣ ከቀኑ 9:20

ኧረ በስመአብ። የሰርግ ፎቶዎቹን መጀመሪያ ኤክስተርናል ላይ ላውጣ።

ደጉ_ገበሬ_ኤክስኤፍሲኢ
ጥር 4፣ ከቀኑ 10:05

ክሩን ስላገኘሁት ልጠይቅ፣ እኔ ሚንት ኤክስኤፍሲኢ ነው (ሲናሞን ሳይሆን ሌላኛው ዴስክቶፕ)፣ አፒራንስ ገብቼ ቲም ስቀይር ውስጡ ይጠቁራል የመስኮቱ አናት ግን ኤክሷ ያለችበት ነጭ እንደሆነ ይቀራል

ማራኪ_ግቢ
ጥር 4፣ ከቀኑ 10:09

ኤክስኤፍሲኢ ላይ የመስኮቱ ጠርዝ ለብቻው ነው። ሴቲንግስ ውስጥ ዊንዶው ማኔጀር ግባ ስታይል ላይ ያንኑ ቲም ምረጥ። እዛ ከሌለ ቲሙ ኤክስኤፍደብልዩኤም 4 ፎልደር የለውም ማለት ነው፣ ቀረብ ያለ ቀለም ያለው ሌላ ምረጥ።

ደጉ_ገበሬ_ኤክስኤፍሲኢ
ጥር 4፣ ከቀኑ 10:15

ሆነ። ስድስት ወር ነጭ ባርኔጣ አድርጎ ከረመ

የአዘዞ_ልጅ
ጥር 5፣ ከምሽቱ 1:30

ስክሪፕቱን አነበብኩት፣ ግማሹ አልገባኝም ግን አርኤም የሚል ቦታ ሁሉ ላይ የሚያጠፋው የራሱን የድሮ ቲም ብቻ ነው፣ ያለ ሱዶ አስኬድኩት ሰራ። ዴስክቶፑ አሁን የፋሲል ሌሊት መስሏል፣ ስክሪንሹት እለጥፋለሁ።

ግን አንድ ነገር፣ ከሶፍትዌር ማኔጀር የጫንኳቸው ሁለት አፕሊኬሽኖች አሁንም እንደ በረዶ ነጭ ናቸው። ካልኩሌተሩና ሌላው ግን ጠቁሯል። ሌሊት ላይ ፎቶ ስሰራ አይኔን ይወጋኛል።

እቴጌ_ተርሚናል
ጥር 5፣ ከምሽቱ 2:05

ሁለቱ ፍላትፓክ ይመስሉኛል። ሶፍትዌር ማኔጀር ውስጥ ስታያቸው ፍላትፓክ የሚል ጽሑፍ ከጎናቸው አለ።

ፍላትፓክ አፕሊኬሽኑን አጥሮ ነው የሚያስኬደው፣ ነጥብ ቲምስህን አጥር ውስጥ ሆኖ አያየውም። መንገድ ልትከፍትለት ትችላለህ፣ ፍላትፓክ ኦቨርራይድ ሰረዝ ሰረዝ ዩዘር ሰረዝ ሰረዝ ፋይልሲስተም እኩል ይሆናል ቲልዳ ስላሽ ነጥብ ቲምስ። ለአይከንስም እንደዛው። ከዛ አፕሊኬሽኑን ዘግተህ ክፈት። አንዱ ይስተካከላል ብዬ እገምታለሁ።

ሁለተኛው ካልተስተካከለ ግን አትድከም፣ ሊብአድዋይታ ነው። ከጂኖም 42 ጀምሮ (ጂኖም ሌላ ዴስክቶፕ ነው)፣ 2022 እኤአ ማለት ነው፣ ብዙ የጂኖም አፕሊኬሽኖች ወደ ጂቲኬ 4 እና ወደ ሊብአድዋይታ ሄዱ፣ እሱ ደግሞ የመረጥከውን ቲም አይሰማም፣ የራሱን መልክ ብቻ ነው የሚያሳየው። ነጭ ወይ ጥቁር ሁን ብትለው ግን ይሰማል። ቲምስ ገብተህ ሴቲንግስ የሚለው ጋ ዳርክ ሞድ የሚል ምርጫ አለ፣ ፕሪፈር ዳርክ በለው። የቲምህ ጥቁር አይሆንም፣ የራሱ ጥቁር ይሆናል፣ አይንህን አይወጋህም ቢያንስ።

የሚንቱ ካልኩሌተር የጠቆረው ደግሞ በአጋጣሚ አይደለም። የሚንት ሰዎች 22 ላይ ካልኩሌተሩን፣ ሲስተም ሞኒተሩን፣ ሌሎችንም ወደ ጂቲኬ 3 ቨርዥናቸው የመለሷቸው ለዚሁ ብለው ነው፣ ቲም እንዲሰሙ።

ማራኪ_ግቢ
ጥር 5፣ ከምሽቱ 2:22

ይሄ የጂኖሞች ነገር ግን ያናድደኛል። በ2019 እኤአ አንዳንድ ገንቢዎች ግልጽ ደብዳቤ ጽፈው ነበር፣ አፕሊኬሽናችንን ቲም አታድርጉብን የሚል። የራሴን ቤት ቀለም ልቀባ እነሱን ላስፈቅድ?

እቴጌ_ተርሚናል
ጥር 5፣ ከምሽቱ 2:41

ደብዳቤውን አንብበኸዋል ግን? አንተን አይደለም ያሉት። ዲስትሮዎቹን ነው (እንደ ሚንት ያሉትን)፣ ለሁሉም ተጠቃሚ ሳይጠይቁ ቲም ለውጠው የሚያወጡትን። አፕሊኬሽኑ ሳይታይ ሲቀር፣ ጽሑፉና ጀርባው አንድ ቀለም ሲሆን፣ ሰው የሚከሰው ገንቢውን ነው። አንተ ቤትህ ውስጥ የፈለግከውን አድርግ፣ ከተበላሸ ግን እነሱ ጋ አትሂድ ነው ያሉት። የኔ ሀሳብ ሁለቱም እውነት አላቸው፣ ግን ቢያንስ ዋናውን ቀለም እንድንመርጥ በሩን ክፍት ቢተዉልን ምን ነበረበት።

ማራኪ_ግቢ
ጥር 5፣ ከምሽቱ 2:44

እሽ እሱ ላይ ተስማማን። ቢያንስ ፎልደር ቀለሙን አልከለከሉንም

ሳሙና_በር
ጥር 5፣ ከምሽቱ 3:30

እኔ ስትጽፉ እያየሁ እኔም ልሞክር ብዬ ፋይል ማኔጀሩን ኦፕን አዝ ሩት (በአስተዳዳሪው ስም) አድርጌ በቀይ መስመሩ በኩል ገብቼ ነጥብ አይከንስ ፈጠርኩ፣ አሁን ምንም ማጥፋት አልችልም ፐርሚሽን ዲናይድ ይለኛል፣ አንዱን ቲም ስመርጥ ደግሞ ፓኔሉ ጠፋ፣ ከስልክ ነው የምጽፈው ዴስክቶፑ ባዶ ነው

ፒያሳ_ጠጋኝ
ጥር 5፣ ከምሽቱ 3:52

ሳቅህ ዞሮ መጣብህ 😄 አትደንግጥ። መጀመሪያ ኮንትሮል ኦልት ኤስኬፕ ተጫን፣ ሲናሞንን እንደገና ያስነሳታል። ካልተመለሰ ኮንትሮል ኦልት ኤፍ 3፣ ጥቁር ስክሪን ይመጣል ስምህንና ፓስዎርድህን አስገባ፣ ፓስዎርዱ ስትጽፍ አይታይም እየጻፈ ነው። ከዛ ነጥብ ቲምስ የሚለውን ፎልደር ስሙን ቀይረው፣ ኤምቪ ነጥብ ቲምስ ከዛ ሌላ ስም፣ ሱዶ ካስፈለገ በሱዶ። ቲሙን ሲያጣው ወደ መጀመሪያው መልኩ ይመለሳል። ከዛ ሱዶ ሪቡት።

ፐርሚሽኑን ደግሞ ስትመለስ፣ ሱዶ ቻዎን ሰረዝ ትልቁ አር፣ ቀጥሎ የራስህ ዩዘር ስም፣ ቀጥሎ ቲልዳ ስላሽ ነጥብ አይከንስ። ቻዎን ማለት ባለቤቱን መቀየር ነው፣ አሁን ባለቤቱ ሩት ስለሆነ ነው ያስቸገረህ። ሆምህ ውስጥ ለሚሰራ ነገር ሩት አትሁን፣ የራስህን ሳጥን ለመክፈት ፖሊስ አትጠራም።

ሳሙና_በር
ጥር 5፣ ከምሽቱ 4:20

ተመለሰ። ኤፍ 3 ላይ ስገባ ልቤ ሊወጣ ነበር

አንገረብ_ማዶ
ጥር 6፣ ከጠዋቱ 3:10

ከቲም ጋር አይገናኝ ይሆናል ግን፣ እኔ ጋ ቲም ከቀየርኩ በኋላ የአማርኛ ፋይል ስሞች አራት ማዕዘን ሳጥን ሳጥን ሆነው ነው የሚታዩት። እንግሊዝኛው ደህና ነው። ሚንት ሳይሆን ዴቢያን የሚባለውን ሌላ ሊኑክስ፣ ቀለል ያለውን ነው የጫንኩት።

እቴጌ_ተርሚናል
ጥር 6፣ ከጠዋቱ 3:45

ቲሙ ጥፋተኛ አይደለም፣ ምናልባት በፊትም ሳጥን ነበር አላስተዋልከውም ይሆናል። የግእዝ ፎንት የለህም። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ 1999 እኤአ ጀምሮ ነው፣ ፎንት ካለ ማንም ፕሮግራም ያሳየዋል፣ ቲሙ የመረጠው ፎንት ግእዝ ባይኖረው እንኳ ሲስተሙ ራሱ ካለው ፎንት ፈልጎ ያመጣል። ምንም ከሌለ ግን ሳጥን።

በአፕት ፎንትስ ሰረዝ ኤስአይኤል ሰረዝ አቢሲኒካ ጫን፣ ወይ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን። ፋይሉን በፍላሽ ካገኘኸው (ፎንት ሲምሊንክ የለውም አትፍራ) ሆም ውስጥ ነጥብ ሎካል፣ ሼር፣ ፎንትስ ውስጥ አስገባና ኤፍሲ ሰረዝ ካሽ ሰረዝ ኤፍ በል። ለስክሪን ኖቶው ይሻላል፣ አቢሲኒካ የብራና ጽሑፍ ይመስላል፣ ለህትመት ነው ደስ የሚለው። አንዳንድ ቲም ላይ አናቱ የሚቆረጥ ከሆነ የፎንቱን መጠን አንድ ቁጥር ቀንስ፣ ፊደላችን ቁመታም ነው።

አንገረብ_ማዶ
ጥር 6፣ ከጠዋቱ 4:30

ኖቶውን ጫንኩ ተነበበልኝ። የልጄ ፎቶ ያለበት ፎልደር ስሙን ካየሁት ቆይቼ ነበር።

የአዘዞ_ልጅ
ጥር 9፣ ከምሽቱ 1:05

ስለዘገየሁ ይቅርታ፣ ስራ በዝቶ ነው፣ ከተራ ነገ ነው ከተማው ከአሁኑ ሞልቷል። አንዱ ፍላትፓክ በኦቨርራይዱ ተስተካከለ፣ ሌላው እቴጌ እንዳልሽው አልሰማም አለ ግን ዳርክ ሞዱን ስነግረው የራሱን ጥቁር ለበሰ።

አጎቴ ዛሬ ደንበኛ እያስተናገደ፣ ሰውየው ስክሪኑን አይቶ ይሄ ምን ኮምፒውተር ነው ቢለው «ሊኑክስ ነው፣ እኛ ነን ያሳመርነው» ብሎ መለሰለት። እኛ! ከዛ ሰውየው ሲወጣ ጠራኝና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፣ ፎልደሮቹ ሰማያዊ ባይሆኑ፣ የደብረ ብርሃን ሥላሴ መላእክት ልብስ አይነት ቀይ ቢሆኑ። ይቻላል?

እቴጌ_ተርሚናል
ጥር 9፣ ከምሽቱ 1:20

ይቻላል። ፓፒረስ ሰረዝ ፎልደርስ የሚባል ትንሽ ስክሪፕት አለ፣ የሚሰራው ያንኑ ሲምሊንክ ወደ ሌላ ቀለም ማዞር ብቻ ነው፣ ከፎልደር ብሉ ወደ ፎልደር ሬድ። የሚያዞረው ሊንክ አሁን ስላለህ ይሰራልሃል። ሰረዝ ትልቁ ሲ ሬድ ብለህ ቲሙን ሰረዝ ትንሿ ቲ ፓፒረስ ሰረዝ ዳርክ በለው። ቀይ ከበዛበት ደግሞ ብራውን አለ፣ ከጣሪያው ሳይሆን ከግድግዳው ይሄዳል።

ፒያሳ_ጠጋኝ
ጥር 9፣ ከምሽቱ 1:32

ለጥምቀት ስትጨርስ ያንን የሻማውን ፎቶ ላክልኝማ፣ እኔም ሱቅ ላድርገው። በታር 😄